ስሟን ስንጠራት

ሰኔ 9 ቀን 2017፣ ሰኞ

ዛሬ እትዬ ኡሙልኸይር ልጄን አራት ጊዜ ጠሯት። ቆጥሬያለሁ።

«ማርያማዊት! ማርያማዊት! ነይ ብስኩት ልስጥሽ። ማርያማዊት! አንቺ ማርያማዊት!»

ልጄ ከስልክ ጥገና ጠረጴዛዬ ሥር፣ ትንሿ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ ስልኳን እያየች ነበር። አንዴም ቀና አላለችም። እትዬ ኡሙልኸይር ከጎኔ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ባለቤት ናቸው፤ ስድስት ልጆች አሳድገዋል። ብስኩቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው አዩኝ።

«ምንያህል፣ ጆሮዋን አስመርምራችኋታል?»

«ደህና ናት እትዬ። ስልክ ስታይ እንዲህ ናት።»

«እንጃ። ልጅ ብስኩት ሲባል ይዞራል።»

መጻፍ ልማዴ አይደለም። ይህን ደብተር ባለቤቴ ቅድስት ለተማሪዎቿ ከገዛቻቸው መካከል ነው የወሰድኩት። መብራት ጠፍቶ ሥራ ስለቆመ፣ የእትዬ ኡሙልኸይርም አስተያየት ከፊቴ አልጠፋ ስላለኝ ነው።

ልጄ ጎበዝ ናት። ሦስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው፤ እስከ ሃያ በእንግሊዝኛ ትቆጥራለች። ሰርክል፣ ትራያንግል፣ ሄክሳጎን ትላለች። እኔ ሄክሳጎን ምን እንደሆነ የሰማሁት ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ነው። ደንበኞቼ ሲሰሟት «ይህቺማ ፈረንጅ ናት!» እያሉ ይስቃሉ። ደስ ይለኛል። ሁሉንም ከስልክ ነው የተማረችው፤ እኛ አላስተማርናትም።

ውሃ ሲጠማት ግን ውሃ አትልም። እጄን ይዛ ወደ ጀሪካኑ ትወስደኛለች። እጄን ነው የምትይዘው፤ ፊቴን አታየውም።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ጆሮዋ ደህና ነው። ራሴ ሞከርኩት። ከኋላዋ ቁልፍ ጣልኩ። ዝም። በሩን በኃይል ዘጋሁት። ዝም። ኩሽና ገብቼ የቺፕስ ላስቲክ ቀስ ብዬ ስቀድ ሮጣ መጣች።

ለቅድስት «ትሰማለች!» አልኳት፣ ደስ ብሎኝ።

ቅድስት ደስ አላላትም። «እሺ፣ ከሰማች ለምን አትዞርም?»

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ቅድስት ከከተማው ዳር ቱላ በሚገኝ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ አንዲት ባልደረባዋ በቴሌግራም ቪዲዮ ልካላት ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው፣ ከኋላው ቀይና ሰማያዊ የተቀባ የአንጎል ሥዕል። «ስልክ የልጅዎን አእምሮ እየበላው ነው» ይላል። ዶክተር ይሁን ሌላ አላወቅንም። ሙዚቃው ብቻውን ያስፈራል። ሦስቴ አየነው። እኔና ቅድስት በእሷ ስልክ ላይ፣ ማርያማዊት በራሷ ስልክ ላይ አቀርቅረን።

ከዚያ ቅድስት ጠየቀችኝ። «አንተ ጋ ስትውል በቀን ስንት ሰዓት ታያለች? እውነቱን ንገረኝ።»

«ሁለት ሰዓት። ቢበዛ ሁለት ተኩል።»

ሳላስብ ነው ያልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን መመለስ አቃተኝ።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ስልኳን እኔ ነኝ የገጣጠምኩላት። ከተጣሉ ስልኮች ስክሪኑን ከአንዱ፣ ባትሪውን ከሌላው አውጥቼ። ያኔ አሥር ወሯ ነበር። የቅድስት የወሊድ ፈቃድ አልቆ፣ ሞግዚቷም ጥላን ሄዳ፣ ልጄን ሱቅ ይዤ መዋል ጀምሬ ነበር። በአንድ እጄ እሷን፣ በሌላው መበየጃውን መያዝ አልቻልኩም።

ዛሬ ደንበኛ ሳይመጣ የስልኩን ሴቲንግ ከፈትኩ። ባለፈው ሳምንት በቀን በአማካይ ስንት ሰዓት እንደተከፈተ ይጽፋል።

ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።

ተሳስቷል ብዬ ያለፉትንም ሳምንታት አየሁ። አልተሳሳተም።

ከዚያ ፎርማት አደረግኩት። ለኔ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሁሉም ጠፋ። ስልኩም ከብዶት ነበር፤ መጽዳት ነበረበት።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ስክሪኑ የተሰነጠቀ ታብሌት ይዛ አንዲት ሴት መጣች። ሕፃን ልጇን አዝላለች። «ወንድሜ፣ በእግዚአብሔር ቶሎ ሥራልኝ። ትልቁ ልጄ ያለ እሱ አይጎርስም።»

እየሠራሁ ሳለ የታዘለው ልጅ ከትከሻዋ በላይ ዓይን ዓይኔን አይቶ ሳቀብኝ። ስታወራ ወደ አፏ ይዞራል፣ ስመልስላት ወደ አፌ ይዞራል። ስምንት ወሩ ነው አለችኝ።

ማርያማዊት በስምንት ወሯ እንዲህ…

አላስታውስም። ሥራ ይበዛብኝ ነበር።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ቅድስት ወሰነች። ከዛሬ ጀምሮ ስልክ የለም። ሱቅም፣ ቤትም። ስልኩን ወስዳ ቆልፋበታለች።

ሰኔ 24

ጮኸች። ከጠዋት እስከ ምሳ። ግድግዳውን በግንባሯ መታችው። በመካከሉ እጄን አስገባሁ፤ እጄን መታችው።

ሰኔ 25

ነከሰችኝ። አከራያችን ጋሽ አየለ መጥተው «ምን ሆና ነው? አሟት ነው?» አሉ። ጥርስ እያበቀለች ነው አልኳቸው። በሦስት ዓመት ከአራት ወር! አላመኑኝም፤ ግን ሄዱ።

ሰኔ 28

ከደረቅ ዳቦ በቀር አልበላም አለች። ቅድስት ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። ውሃ ከፍታ ነው፤ ግን ሰማሁ።

ሐምሌ 4፣ አርብ

ጸጥ አለች።

ሰው ሁሉ «ሳምንት ነው የሚያስቸግረው፣ ከዚያ ትረሳዋለች» ይል ነበር። እውነት ነው። ሳምንት ከምናምን ፈጀ። አትጮህም፣ አትናከስም። ቅድስት የክረምት ትምህርቷን ዩኒቨርሲቲ ስለጀመረች አሁን ቀኑን ሙሉ እኔ ጋ ናት። ብሎኖቼን ከሳጥኑ አውጥታ በየመጠናቸው ትደረድራለች። ትንሹን ከትንሹ፣ ትልቁን ከትልቁ። እኔ በመነጽር የምለየውን በዓይኗ ትለየዋለች። አንድም አልተሳሳተችም። እንዳትውጥብኝ ብዬ ሥራዬን ትቼ ስጠብቃት እውላለሁ።

ግን አንድ ነገር አለ። ከሰኞ ጀምሮ አልቆጠረችም። ሰርክል አላለችም፣ ሬድ አላለችም። ዛሬ ከጎኗ ተቀምጬ «ዋን፣ ቱ…» አልኳት። ብሎኗን አዞረች እንጂ ምንም አላለችም።

ያ ሁሉ እንግሊዝኛ ሄደ። በቦታው አማርኛ አልመጣም።

የስልክ ቋንቋ ነው ብለን ናቅነው። ግን ሌላ አልነበራትም። ያለችዋን ወስደንባት እንደሆነስ? ይህን ለቅድስት አልነግራትም። በአሥራ አንድ ሰዓት ደክሟት ስትመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ዛሬ ምን አለች?» ነው። «ደህና ዋለች» እላታለሁ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

የገብርኤል በዓል። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል። የቅድስት እናት በስልክ «ጸበል አስጠምቋት» ስላሉ ጠዋት ወስደናት ነበር። ጸበሉን ወደደችው። ድምፅ ማጉያው ሲጮህ ግን ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ተኛች፤ ነጭ ቀሚሷ ጭቃ ሆነ። አንስቼ ስታቀፋት ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ለጓደኛዋ ስትናገር ሰማሁ። «አሞላቀዋት ነው። የዘመኑ ወላጅ ልጅ አይቀጣም።»

ቅድስት ዞር ብላ ልትመልስላት ነበር። እጇን ያዝኳት። ምን ብላ ትመልሳለች?

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ዛሬ ሱቅ አልከፈትኩም። ትናንት የሆነውን ሳልረሳው ልጻፈው።

ዝናብ ስለመጣ በዘጠኝ ሰዓት ሱቁን ዘግቼ ማርያማዊትን ወደ ቤት ወሰድኳት። እኛ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው የምንኖረው፤ ሰፈሩ ገና እየተሠራ ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ ጅምሩ ይበዛል። በረንዳ ላይ ብሎኖቿን አፍስሼላት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል የለችም። የግቢው በር ገርበብ ብሏል።

ማን ክፍት እንደተወው አላውቅም ብዬ ነበር ለሰው ሁሉ የነገርኩት። እኔ ነኝ የተውኩት። ቀና ስል የለችም ያልኩትም… የአንድ ደንበኛ መልእክት እየመለስኩ ነበር። አምስት ደቂቃ። አሥር ይሆናል። ስልኬ ላይ ነበርኩ።

ወጥቼ ግራና ቀኝ ሮጥኩ። ዝናቡ መንገዱን ወንዝ አድርጎታል። ጋሽ አየለ ጃንጥላቸውን ሳይዘረጉ ወጡ። ጎረቤት ወጣ። ጥግ ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ቆሎዋን በላስቲክ ሸፍና በሲዳምኛ ሌሎች ሴቶችን ጠራች። ልጆችም ወጡ። አንዱ ወደ አስፋልቱ፣ አንዱ ውሃው ወደ ሐይቁ ወደሚወርድበት ቦይ ሮጠ። ሁሉም «ማርያማዊት! ማርያማዊት!» ይላል።

ሃያ ሰው ስሟን ይጠራ ነበር። እንደማትመልስ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አጠገባቸው ብትሆን እንኳ አትመልስም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እኔም አብሬያቸው «ማርያማዊት!» እያልኩ ጮህኩ፤ ሰው ምን ይላል ብዬ ይሆናል።

ቦዩ ጋ ስደርስ የአንድ ልጅ ጫማ አየሁ። የሷ አይደለም። ግን እስካነሳው አላመንኩም። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ ነው የመጣልኝ። ተነስቼ ሰውን ሁሉ «ዝም በሉ! እባካችሁ ዝም በሉ!» አልኩ። አበደ ያሉ ይመስለኛል። ዝም አሉ።

«ዋን!» አልኩ፣ ባለ በሌለ ድምፄ። ትንሽ ጠበቅሁ። «ቱ!» ዝናቡ ብቻ። ወደ ጅምር ሕንፃዎቹ እየሄድኩ «ስሪ!»

ያስተማራት ቪዲዮ ልክ እዚህ ቦታ ላይ ዝም ይላል። የሚያየው ልጅ ቀጣዩን ቁጥር እንዲሞላ።

«ፎር።»

ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ አልጮኸችም። ከግራ በኩል ካለው ጅምር ፎቅ ውስጥ ነው የመጣው።

«ፋይቭ!» አልኩ እየሮጥኩ።

«ሲክስ።»

«ሰቨን!»

«ኤይት።»

ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ለውሃ ማጠራቀሚያ የተቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እግሯ ወደ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል። ጣሪያው ገና ስለሆነ ዝናቡ በቀጥታ ውሃው ላይ ይወርዳል። እንዳትደነግጥ ቀስ ብዬ ከኋላ ይዤ ሳብኳት። አላየችኝም። ውሃውን በጣቷ እያሳየች «ሰርክል» አለች። «ሰርክል። ሰርክል። ሰርክል።»

አየሁት። እያንዳንዱ ጠብታ ውሃው ላይ ክብ እየሠራ ይሰፋል። በመቶ የሚቆጠር ክብ። ልክ ናት።

ሰዎቹ ደርሰው እልል አሉ። እሷ ጆሮዋን ያዘች።

ሐምሌ 25፣ አርብ

ለቅድስት ነገርኳት። ማርያማዊት ተኝታ፣ እራት በልተን ሳናነሳ። በሩን እኔ እንደተውኩት። ስልኬ ላይ እንደነበርኩ። ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ፎርማት እንዳደረግኩት።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እጇን ሳትታጠብ ተነስታ የመጽሐፍ መደርደሪያውን ከፈተች። ከታች፣ ከአሮጌ የፈተና ወረቀቶች ሥር፣ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ልዩ ፍላጎት ስላላቸው ልጆች ለአስተማሪዎች የተሰጠ የሥልጠና ወረቀት ነው። ዝርዝር አለው። ስሙ ሲጠራ አይዞርም። ዓይን ለዓይን አያይም። ነገር ይደረድራል። የሚፈልገውን በሰው እጅ ይጠቁማል። የሰማውን መልሶ ይላል። በእርሳስ አጠገብ አጠገባቸው ትንንሽ ምልክት ተደርጎባቸዋል። የቅድስት እጅ ነው።

«መቼ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከነገርኩህ እውነት ይሆናል።» ከዚያ ደግሞ፣ ወደ ጠረጴዛው እያየች፣ «ያ ቪዲዮ ሲመጣ ደስ አለኝ ምንያህል። ስልኩ ነው፣ ስልኩን እንነጥቃታለን፣ ያልፍላታል አልኩ። እንዲያ ስትጮህ እንኳ መድኃኒት እየሰጠኋት መስሎኝ ነበር።»

ሳህኑ ላይ ያለው ወጥ እስኪረጋ ተቀመጥን።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ሆስፒታል ሄድን። ዶክተር ሩታ ትባላለች፤ ከኔ በዕድሜ ታንሳለች። መጀመሪያ እኛን አላናገረችንም። ጋዋኗን አውልቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የማርያማዊትን ስም ጠራች፤ ምንም። አረፋ ነፋች፤ ማርያማዊት አረፋውን አየች እንጂ ዶክተሯን አላየችም። ሌላ ስትፈልግ የዶክተሯን እጅ ይዛ ወደ አረፋው ጠርሙስ ገፋችው። ዶክተሯ የሆነ ነገር ጻፈች። ቅድስት ወረቀቱን በሩቁ ለማንበብ አንገቷን ስታሰግግ አየሁ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። መጨረሻ ላይ ቃሉን ተናገረችው። ኦቲዝም። ገና ሌላ ምርመራ አለ፣ ጆሮዋም በመሣሪያ ይታያል፣ ግን ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው አለች።

«በቀን ስንት ሰዓት ስክሪን ታይ ነበር?»

ቅድስት ወደኔ አላየችም። ለኔ ተወችው።

«ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ከአሥር ወሯ ጀምሮ። ዶክተር፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳት?»

ሁለታችንንም እያፈራረቀች አየችን።

«ኦቲዝምን ስልክ አያመጣውም» አለች። «ስልክ ባታይም ኖሮ ይኖርባት ነበር። ይህን ያዙልኝ። ግን ላጽናናችሁ ብዬ ሌላውን አልደብቅም። ማንኛውም ልጅ ቋንቋ የሚለምደው ከሚመልስለት ሰው ነው። ስልክ ይናገራል እንጂ አይመልስም። ለእሷ ደግሞ ሰው ከሌላው ልጅ በላይ ያስፈልጋት ነበር። እነዚያ ሰዓታት አምልጠዋችኋል። ምን ያህል እንደጎዳት ልለካላችሁ አልችልም።»

«አሁን ጨርሰን ነጥቀናታል» አለች ቅድስት በኩራትም በፍርሃትም።

«በአንድ ቀን?»

ስለ ጉድጓዱ ነገርኳት። ስለ «ፎር»። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«በዚያ በኩል ነው የገባኸው፤ በሩን አትዝጉባት። በቀን ጥቂት ደቂቃ ትይ፤ ግን አብራችኋት ተቀምጣችሁ። እሷ የምትለውን በሉ፣ የምታየውን እዩ። ናልን ብላችሁ አትጠብቋት፤ እናንተ ሂዱ።»

ስንወጣ በር ላይ ቅድስት «ሴት ልጅን ናልን አይባልም» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተበላሸ።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

የማልናገረውን ልጻፍ። ዶክተሯ «ስልክ አያመጣውም» ስትል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ስል ኖሬያለሁ። ግን ልቤ ወደቀ።

ስልክ ቢሆን ጥፋቱ የኔ ነበር። ስልክ ግን እኔ አውቀዋለሁ። የተበላሸውን ከፍቼ አያለሁ፣ የተቃጠለውን እቀይራለሁ፣ ካልሆነም አጥፍቼ አበራዋለሁ። ልጄን እንዲህ ላደርጋት አልችልም። ጥፋተኛ ሆኜ መጠገን ብችል እመርጥ ነበር።

እኛ ስናልፍስ? ማን ነው «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» ብሎ የሚፈልጋት?

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ያቺ ታብሌት ያላት ሴት ባለፈው ሳምንት እንደገና መጥታ ነበር፤ የቻርጀሩ መግቢያ ተበላሽቶ። «ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል» አልኳት። ዕቃው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ልጇ ለሁለት ሳምንት ፊቷን እያየ ይጉረስ ብዬ ነው። በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ተቆጥታ መጣች። ሌላ ጠጋኝ በአንድ ሰዓት ይሠራል ብሏታል። ዓይኗ አብጧል።

«አሥር ቀን ሙሉ እንዴት እንደዋልኩ ታውቃለህ? ሕፃኑ ታሞብኛል፣ ትልቁ ሲጮህ ይውላል፣ ረዳት የለኝም። አንተ ልጅ የለህም እንዴ?»

ማርያማዊት ከጠረጴዛው ሥር ብሎን ትደረድር ነበር።

«አለችኝ» አልኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሠርቼ ሰጠኋት። ይቅርታ ልላት ስል ወጥታለች።

እትዬ ኡሙልኸይር ሁሉን ሰምተዋል። «ሰው ሲቸግረው ነው እንጂ» ብቻ ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ። ለማን እንዳሉት አልጠየቅኳቸውም።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

በየቀኑ ወለል ላይ እቀመጣለሁ። ስትደረድር እደረድራለሁ። «ሰርክል» ስትል «ሰርክል፤ ክብ» እላለሁ። መቁጠሩ ተመልሷል። የቀረው ሁሉ የለም። ከሰኞ እስከ ዛሬ አንዴ አየችኝ፣ እሱም ፊቴ ላይ ዝንብ አርፎ ነው። ለቅድስት ስነግራት «ዝንቡ ይባረክ» አለች።

ሁለት መዋዕለ ሕፃናት ጠይቄ ነበር። አንዱ «ሌሎቹን ትረብሻለች» አለ። ሌላው «ለሙከራ አምጣት» አለ። የትኛው እንደሚያስፈራኝ አላውቅም። እዚያ ስሟን ጠርተው አልመልስ ስትላቸው ምን ያደርጓታል?

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ የግቢው ልጆች ሁሉ ልብሳቸውን እየጣሉ ሊጠመቁበት ወጡ። ቅድስት የማርያማዊትን ልብስ አውልቃ በረንዳው ጫፍ ላይ አቆመቻት።

«ይበርዳታል» አልኩ። «ጩኸቱም ይረብሻታል። ቢገፏትስ?»

«ተዋት።»

ብቻዋን ወረደች። ግቢው መሃል ሄዳ ቆመች። ልጆቹ ዙሪያዋን ይሮጣሉ፤ ማንም አልጠራትም፣ ማንም አልገፋትም። ዝናቡ ጋብ ይልና እንደገና ከቆርቆሮው ላይ እያጓራ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «መጣ! መጣ!» እያሉ ይጮሃሉ። ጆሮዋን ያዘች። ልነሳ ስል ቅድስት ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ ገባ። እሷም እንደኔ ፈርታለች።

ከዚያ ማርያማዊት እጇን ከጆሮዋ አወረደች። ዝናቡ እንደገና በረታ። «መጣ! መጣ!» አሉ ልጆቹ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድምፁን የሰማሁት በሦስተኛው ነው። ሁሉም ጮኸው ከጨረሱ በኋላ፣ ትንሽ ዘግይታ፣ በእነሱው ዜማ፣

«መጣ።»

ቅድስት ክንዴን ለቀቀችኝ።

ዝናቡ አባራ። እናቶች ፎጣ ይዘው ልጆቻቸውን በስም በስማቸው ጠሩ፤ አንድ በአንድ ገቡ። ማርያማዊት ብቻዋን ቀረች። ሰማዩ ተገልጧል፤ እሷ ግን «መጣ» ትላለች። አሁንም «መጣ»። ፍርሃቴ ተመለሰ። ይሄም እንደ ቁጥሩ ነው፣ ያለ ቦታው ስትደጋግመው ልትኖር ነው አልኩ። አልጠራኋትም። ከበረንዳው ወርጄ በውሃው ውስጥ ወደ እሷ መራመድ ጀመርኩ።

ቀና አለች። ዝንብ አልነበረም። ስመጣ አየችኝ።

«መጣ» አለች።

ዝናቡን ይሁን እኔን አላውቅም።

«መጣ» አልኳት።